ለአሞራ ደም የተቀመጠ ሽምግልና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወልድያ ውስጥ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ሹፌሮቹ ልጆች ናቸው፤ ወሬ ይወዳሉ። «እማማ፣ ምን ይሠሩ ነበር?» ይሉኛል። «አሞራ እጠብቅ ነበር» እላለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው በመስተዋቱ ሰረቅ አድርገው ያዩኛል፤ ጤነኛ መሆኔን ለማረጋገጥ ነው። አንዱማ «አሞራ ምን እንዳይሆን ነው የሚጠበቀው? ዶሮ ነው እንዴ?» ብሎ ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ ሲከራከረኝ ሄደ።

«እንዳይሞት ነዋ!» ስለው፣

«አሞራ ደግሞ ይሞታል?» አለኝ።

ወይ ልጅ! እኔስ ብሆን ስንት ዓመት እንደሱ አልነበርኩም? አሞራ የሌላውን ጥንብ ሲበላ እንጂ የራሱን ሬሳ ማን አይቶ ያውቃል? እኔ አየሁት። እንደ በሰለ ሾላ ከዛፍ ሲረግፍ አየሁት። ዓመታት አልፈዋል፤ ድንጋጤው ግን ዛሬም ከአካሌ አልወጣም። ከኋላዬ የሆነ ነገር ዱብ ካለ አሁንም ክው ነው የምለው።

ከዚያ የባሰም አለ። ከአሞሮቹ ሞት ይልቅ ያደረቀኝ የገዳያቸው ማንነት ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰድቤው እረሳው ነበር እንጂ ወረቀት አላበላሽም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። በዱር እንስሳት ጥበቃ ተምሬ ስመረቅ ልቤ ያለው ሰሜን ተራሮች ላይ ነበር፤ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ብርድ፣ ድንኳን። የምደባ ደብዳቤው ሲመጣ «ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ» ይላል። እናቴ ወልድያ ነበረችና አፍንጫዋ ሥር ስለቀረሁላት እልል አለች። እኔ አኮረፍኩ። መርሳ ምን አውሬ አለ? ብርቱካንና ሙዝ እንጂ!

የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ገዛኸኝ ይባሉ ነበር። ተፈጥሮ ማለት ለእሳቸው ችግኝ ነው፤ ሌላ ነገር አይታያቸውም። ፊቴን አይተው ሳቁብኝና «አይዞሽ፣ ደሴት እንሰጥሻለን» አሉኝ።

«ደሴት? ሐይቅ ላይ?»

«ወንዝ ላይ። ሄደሽ እይው፤ ግን ሽማግሌውን ሳታስፈቅጂ እንዳትሻገሪ። እኔ ተሻግሬ ያገኘኝን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ምን እንዳገኛቸው ሳይነግሩኝ ከመሥሪያ ቤቱ ወጡ።

ከመርሳ ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ወንዙ ለሁለት ይከፈላል። በሁለቱ ክንድ መካከል በሾላና በዋርካ የተሸፈነች ትንሽ መሬት አለች፤ ሽሮ ተጥዶ እስኪንተከተክ ዙሪያዋ ተዙሮ ያልቃል። ያገሬው ሰው «መጠጊያ» ይላታል። አጥር የላት፣ በር የላት። ዳር ላይ ግን አያ ሙሄ ነበሩ።

አያ ሙሄ አበጋር ናቸው። አበጋር በእኛ አገር ደም የሚያደርቅ ሰው ነው። ሰው ሰውን ሲገድል የሟችንና የገዳይን ወገን አስቀምጦ ያስታርቃል፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ማዕረግ ነው። ሙስሊም ቢሆኑም ክርስቲያኑም እኩል ያከብራቸዋል፤ የአበጋር ቃል የተጣሰበት ቤት ልጅ አያድግበትም፣ ከብት አይረባበትም ይባላል። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል ሰው ነበሩ። ያን ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«መሥሪያ ቤቱ፣ አያ ሙሄ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ እንስሳቱ» አልኩ።

«እንግዲያው ቁጭ በይና አስፈቅጃቸው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወንዙ ዳር አስቀመጡኝና ዝም አሉ። መጀመሪያ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ሲያጉረመርሙብን ቆዩ። ከዚያ ዝም አሉ። ጅግራዎቹ ከቁጥቋጦ ወጡ፤ አርጃኖው ከድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተጋደመ። ጥንብ አንሳዎቹ አንገታቸውን ሰብስበው እንደ ሽማግሌ ተቀመጡ። ያኔ አያ ሙሄ «በይ፣ ፈቅደዋል» ብለው ተነሡ። ኮሌጅ ውስጥ እንስሳ ሰው እስኪለምድ ታግሶ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ተምሬአለሁ፤ ይሉኝታ እንዳለው እንግዳ ደጅ ቆሞ መጠበቅ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።

የደሴቲቱን ታሪክ ያወሩልኝ ያኔ ነው። በአያታቸው አያት ዘመን አንድ ሰው ነፍስ አጥፍቶ ሲሸሽ ወንዙን ተሻግሮ እዚያ ይወጣል። አሳዳጆቹ ዳር ሲደርሱ ደራሽ ውኃ መጣና አገዳቸው። «ውኃው እስኪጎድል ተቀመጡ። ውኃው ሲጎድል ቁጣቸውም ጎድሎ ተገኘ። አበጋሩ መሐል ገባ፤ ታረቁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጠጊያን የረገጠ፣ ሰውም ይሁን አውሬ፣ አይነካም። መጥረቢያ አይገባም፤ ደም አይፈስም። መሬት ሲከፋፈል እንኳ ገመድ ጣዮቹ እዚያ ሲደርሱ ገመዳቸውን ጠቅልለው ተመልሰዋል። መንግሥት «የተከለለ ቦታ» ብሎ ሰሌዳ የተከለው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሰሌዳውንም ምስጥ በላው። ደሴቲቱን ያቆማት የአበጋሩ ቃል ነበር።

ሥራዬን የተማርኩት ከሳቸው ነው ብል ማጋነን አይደለም። ጉሬዛ የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ የሌሊቱን ብርድ ሊያራግፉ ጫፍ ላይ ወጥተው ደረታቸውን ለፀሐይ ሲሰጡ። ግልገሉ ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው፤ ጥቁሩ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ነጭ ጥጥ እቅፍ ውስጥ ከታየ ወላድ ናት ማለት ነው። ጥንብ አንሳ ደግሞ ማለዳ አይበርም፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ እስኪያነሳው ይጠብቃል። ጆፌ አሞራ ትልቁ ነው፤ የበሬውን ቆዳ ቀድዶ የሚከፍተው እሱ ነው፤ ትንንሾቹ እሱን ይጠብቃሉ። ጎጆ ላይ አሞራ መኖሩን ለማወቅ ቀና አትበሉ፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ነጭ ኩስ እዩ። ትኩስ ከሆነ አለ። እንቁላሏ በዓመት አንዲት ብቻ ናት። አያ ሙሄ ይህን ሲነግሩኝ «አንድ ልጅ ያለው ሰው ሲሄድ አይተሻል? እየተጠነቀቀ ነው የሚሄደው» አሉኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ወፍ በጣት አያሳዩም፤ በአገጫቸው ነው። ከጎጆ ሥር ሲያልፉ አይስሉም፤ ሳል ከመጣባቸው ወንዙ ዳር ሮጠው ሄደው ነው የሚስሉት፤ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አሞሮቹን «የከብት ቅሬ» ይሏቸው ነበር። ቅሬ እኛ ዘንድ ሬሳ የሚቀብር ማኅበር ነው፤ ሌላው እድር እንደሚለው። ከብት ሞቶ የተገኘ እንደሆነ ሀብሩ ውስጥ የትም አይጣልም። ጎትተው ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ላይ ያኖሩታል። ያልታረደ ሥጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይበላ! «የአሞራ ሰደቃ» ነው የሚባለው። አጥንቱ ብቻ ሲቀር አያ ሙሄ «አልሀምዱሊላህ፣ ቅሬው ተበተነ» ይላሉ።

አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ደሴቲቱን በሽቦ ላጥር ብሎ ሽቦው ሳይመጣ ተዛወረ። አንዱ ደግሞ መዝናኛ አደርጋታለሁ አለ፤ ጎጆ ቤት፣ ጭማቂ፣ ሙዚቃ። አያ ሙሄ በትሕትና ጋብዘው ዋርካው ሥር አስቀመጡት። ከላይ የነበረ ጉሬዛ ሙሉ ልብሱን በሽንቱ አጠመቀለት። ሁለተኛ የመዝናኛ ነገር አላነሳም። የአቶ ገዛኸኝም ምሥጢር ይኸው እንደነበር ያኔ ገባኝ። ደመወዙን አታንሱብኝ። ወልድያ ዞን ቢሮ አዛውረውኝ ጥቂት ዓመት ወረቀት ሳገላብጥ ቆየሁ፤ ታመምኩ፣ ለመንኩ፣ መለሱኝ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ዘሀራ የአያ ሙሄ የመጨረሻ ልጅ ናት። ፈገግ ያለች፣ ቀልደኛ፤ አባቷ ሳል ሲመጣባቸው እሷ ነበረች ከኋላ «ሩጡ፣ ሩጡ!» የምትላቸው። አንድ ጎህ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ጅብ ቀኝ ክንዷን ያዛት። ጩኸቷን ሰምተው ደረሱላት። ደሴ ወስደው አሳከሟት፤ ነፍሷ ተረፈች፤ እጇ ግን ሞተ። ተንጠልጥሎ ቀረ።

አገሩ ተንጫጫ። «መርዝ ይቀመጥለት!» አለ ሁሉም። እኔም ጅቡ ተለይቶ እንዲያዝ መሥሪያ ቤቱን ጠየቅኩ፤ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ እንዲሉ መልሱ የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አያ ሙሄ ግን የተንጫጫውን ሕዝብ አስቀምጠው «ደም በደም አይታጠብም። መርዝ አስቀማጭ ከእኔ ጋር አይደለም» አሉ። ልጁን ጅብ የነከሰበት አባት ነው ይህን የሚለው! ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። እኔ ያን ዕለት ለባለቤቴ «ዛሬ ቅዱስ አየሁ» አልኩት። ድንግል ምስክሬ ናት፣ ከልቤ ነበር ያልኩት።

ከዚያ ጥቂት ሰነባብቶ ነው ያ ጠዋት የመጣው።

ወንዙን ስሻገር የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ደሴቲቱ ላይ ወጥቼ ከትልቁ ዋርካ ሥር ስደርስ ነው የገባኝ፤ ዝም ብሏል። የክንፍ ድምፅ የለም፤ የቦታ ግፊያ የለም። ቀና ልል ስል አንድ ነገር ከፊቴ ዱብ አለ። ጆፌ ነበር። ክንፉን እንደ ጋቢ ዘርግቶ በደረቱ ወደቀ። አልሞተም፤ አንገቱን ሊያነሳ ሞከረ፣ አቃተው፣ አየኝ። በማርያም፣ ያ ዓይን! ቆሌዬ ተገፈፈ። ዞር ስል ሌላ። ከሥሩ ሌላ። ሣሩ ውስጥ፣ ውኃው ዳር፣ የዛፉ ሹካ ላይ ተንጠልጥሎ፤ የት ልርገጥ? ቆሜ ሳይ ሌላው ደግሞ ከላይ ለቀቀ፤ ዱብ! ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ከወዲያ ማዶ ሽንኩርት የሚያርሙ ሰዎች ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

እነሱም ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዲት ባልቴት «ወይ አጃኢብ! ቀባሪውን ማን ይቀብረዋል?» ብላ እዚያው ተቀመጠች።

ሲሪንቃ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም አስጠራሁ። የአንዱን ጉሮሮ ከፍቶ አሳየኝ፤ የጅብ ጠጉር ነው። ጅቡንም አገኘነው፤ አሸዋው ላይ፣ አጥንቱ ቀርቶ። «ጅቡ ተመርዟል። የተመረዘ ይጠማዋል፤ ውኃ ፍለጋ መጥቶ እዚህ ወደቀ። እነሱ የእሱን ሥጋ በሉ» አለኝ። ሌላ አውሬ እንዳይነካቸው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ሁሉንም አቃጠልን። የቀሩት ከሞቱት ያንሱ ነበር። የጫጩቶቹ ነገር ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ወላጆቻቸው ሞተው እነሱ ጎጆ ላይ ይጮሃሉ! ዛፍ የሚወጣ ሰው ፈልገን የደረስንበትን አንዱን አወረድን። የፍየል ጉበት እየቆራረጥኩ በእጄ አበላሁት፤ በላ። ሐኪሙም «ተስፋ አለው» አለ። ቀን በቀን ሻል አለው፤ ላባው መጣ፤ ስገባ አፉን መክፈት ጀመረ። አንድ ጠዋት ስገባ አልከፈተም። ሌሎቹን ጭራሽ አልደረስንባቸውም፤ ድምፃቸው አንድ በአንድ ነው የጠፋው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ከእጄ አምልጧል፤ እንደዚያ ግን ሆኜ አላውቅም።

መራዡ ማን ነው? ሁሉም ወደ ደምሰው ዞረ። ደምሰው ከግራና ከተማ ማዶ መጥቶ ወንዙ ዳር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርትና ቲማቲም በሞተር የሚያለማ ጎልማሳ ነው። ጦጣ ቲማቲሙን ስትጨርስበት ገበያ መሐል «አንድ ቀን መርዝ ነው የማበላት!» ብሎ ፎክሮ ነበር። በቃ፣ አፉ አሰረው። የውኃ ሞተሩን ነቅለው ወንዝ ውስጥ ጣሉበት። ፖሊስ ወሰደው። «እናቴ ትሙት አላደረግኩም!» ይላል፤ ማን ይሰማዋል? እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላመንኩትም።

በኋላ በዋስ ተለቀቀና ነገሩ በአገር ሽማግሌ እንዲታይ ተባለ። ደምሰው ይምላል ወይም ያምናል። ሁለቱንም እንቢ ካለ እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞትም ቅሬ አይወጣለትም። የሚያስምለው ደግሞ አበጋሩ፣ አያ ሙሄ ናቸው።

ወንዙ ዳር ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሸሆቹ አሉ፣ ቄሱ አሉ፣ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ደምሰው መሐል ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የአያ ሙሄ ቦታ ባዶ ነው። ቆየን። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ አንዱ «ያ ማን ነው?» አለ።

ከመንደሩ በኩል አንድ ሰው በማጅራቱ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ እየተንገዳገደ ይመጣል።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ድንጋይ ተሸክሞ። ድንጋዩን ከላዩ ማንሳት የሚችለው የሟች ወገን፣ ባለ ደሙ ብቻ ነው። ባለ ደሙ ካነሳለት ታረቁ፤ ካላነሳ ግን ምሕረት የለም።

ቀረብ ሲል አያ ሙሄ ናቸው። ሕዝቡ ብድግ አለ። ቄሱ ስለ ደምሰው ሊለምኑ የመጡ መስሏቸው «አበጋር፣ ኧረ በእግዚአብሔር! ስለ ሰው ኃጢአት አንቱ ለምን ይሸከማሉ?» አሉ።

«የራሴን ነው» አሉ አያ ሙሄ።

ድፍን አገር ደርቆ ቀረ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ አጠገቤ ያለችውን ሴት «ምን አሉ?» አልኳት። እሷም አላመነችም።

እንዳጎነበሱ ተናገሩ። ለጅቡ የሞተ አህያ ላይ መርዝ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። አሞራ ማለዳ እንደማይበር ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጅቡ በሌሊት ይበላል፣ ፀሐይ ሳይሞቅ አህያውን እቀብራለሁ ብለው አሰቡ። ቀበሩትም። አንዲት አሞራ አህያውን አልነካችም። ጅቡ ግን ጠማው። ሊሞት ወደ መጠጊያ ሄደ። «ስንቱን ነገር አውቅ ነበር፣ ውኃ ጥም ረሳሁ» አሉ።

ደምሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ጮክ ብሎ አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ገዳይ ቀርቧል፤ ድንጋዩን ማን ያነሳል? አንዱ «አሞራ ወገን አለው እንዴ?» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ብቻውን ቀረና አፈረ። አያ ሙሄ ቀና ሳይሉ «ጥሩዬን ጥሯት። ባለ ደሟ እሷ ናት» አሉ።

ስሜን ስሰማ ክው አልኩ። እየገፋፉ መሐል አወጡኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ እኮ! ከሳሽ ነኝ፣ ምስክር ነኝ፤ የአሞራ እኅት መሆኔን ማን ነገረኝ? ሕዝቡ ሁሉ እኔን ያያል። ካላነሳሁ አበጋሩ ይወድቃሉ፤ እሳቸው ሲወድቁ ቃላቸውም ይወድቃል፣ በማግሥቱ መጥረቢያ መጠጊያ ይገባል። ካነሳሁ ደግሞ ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ጫጩት ረከሰ ማለት ነው። ያኔ ነው ንዴቱ የመጣው። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

«ደምሰው ሲታሰር ለምን ዝም አሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ! በአያ ሙሄ ላይ!

«አፌ ተያዘ። በነጋ ቁጥር ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ አፌ ይያዛል» አሉ።

«ደም በደም አይታጠብም ያሉን ውሸት ነበር?»

«እውነት ነበር። ቀን ቀን እውነት ነበር። ሲመሽ የልጄን እጅ አያለሁ።»

እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ ያ ጆፌ ያየኝ ዓይን ፊቴ ላይ ነው። ሰው መሐል ለመሐል ተከፈለና ዘሀራ መጣች። እሷም እንደኛ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። አባቷ አጠገብ ተንበርክካ ግራ እጇን ድንጋዩ ሥር ሰደደችና ደገፈችው። ላንሳው አላለችም፤ ሥርዓቱን ታውቃለች። ዝም ብላ ክብደቱን ተካፈለች። ቀኝ እጇ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይጎተታል። ቀና ብላ አየችኝና «እቴ ጥሩዬ፣ ከበደው» አለችኝ።

ሄድኩ። ያዝኩት። ለእኔም ከበደኝ፤ አልነሳ አለ። አንድ ሌላ እጅ ከጎኔ መጣ። ደምሰው ነው። አብረን አነሳነውና አሸዋው ላይ ጣልነው። ሕዝቡ «አሚን!» አለ፤ ሴቶቹ እያለቀሱ እልል አሉ። እኔ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ።

ካሳ ሲነሣ የደምሰው ሞተር በአዲስ እንዲተካ ተባለ። ለአሞሮቹስ? ሽማግሌዎቹ ከመምከራቸው በፊት አያ ሙሄ እጃቸውን አነሱ። «ገዳይ የሟችን ደጅ አይረግጥም። ከዛሬ ጀምሮ መጠጊያን አልረግጥም» አሉ። ኧረ አይሆንም ልል አፌን ከፈትኩ፤ የአበጋር ቃል ግን ከወጣ አይመለስም። በማግሥቱ በራሳቸው እግር መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ፍርድ ቤቱም በሕጉ ፈረደ፤ ዕድሜያቸው ታይቶላቸው ተቀጥተው ወጡ።

መጥረቢያው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሰው የበለጠ ፈራ እንጂ። «አበጋሩ ራሳቸው የማይረግጡትን እኔ ልርገጠው?» እያለ ከብቱን እንኳ ዳር ላይ መለሰ። አያ ሙሄ ከወዲህ ማዶ ተቀምጠው ደሴቲቱን ሲያዩ ይውላሉ። እኔ ስመለስ ይጠይቁኛል፤ ጉሬዛዋ ወለደች? ያ ትልቁ ጎጆ ተያዘ? እነግራቸዋለሁ። የሞት ዜና ካለ አልደብቃቸውም። ተሻግረው የማያውቁ ይመስል እያንዳንዱን ዛፍ ደግመው ያስነግሩኛል። አሞሮቹ ተመልሰዋል፤ እንደ ድሮው አይደሉም፣ ግን አሉ።

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጠዋት ልሰናበታቸው ሄድኩ። በጋ ነው፤ ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። አያ ሙሄ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ዘሀራ በግራ እጇ ይዛ ታወጣቸዋለች። እኔ ያን ቀን ቆርጬ ነበር። ባለ ደሟ እኔ ከሆንኩ መፍታትም የምችለው እኔ ነኝ። ከዛሬ ወዲያ ጠባቂ አይደለሁም፤ ማንም አይፈታቸውም!

«አያ ሙሄ፣ ይነሡ። ዛሬ አብረን እንሻገራለን» አልኳቸው።

«ቃሌስ?»

«እኔ ነኝ የምፈታው። ባለ ደም እኔ ነኝ፤ አንቱ ራስዎ ነዎት ያሉት። ይኸው በሕዝብ ፊት ባይሆንም በልጅዎ ፊት ፈትቻለሁ።»

ዘሀራ በደስታ አፏን ያዘች። አያ ሙሄ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ተነሡ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ወደ ውኃው ወረድን። አንድ እግራቸውን አገቡ፤ ሁለተኛውን አስከተሉ። ማዶ ዛፉ ላይ ጥንብ አንሳዎቹ አንገታቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። አያ ሙሄ በደከመ ዓይናቸው አዩአቸው። ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው አስለቀቁኝ።

«አንቺ ምረሽኛል፤ አላህ ይማርሽ» አሉኝ። «እነሱን ግን ማን ጠየቃቸው?»

ብለው ዞረው ወደ ወዲህ ማዶ ወጡ።